መልክን በፎቶግራፍ ስለ ማረም

የሰው ፊት እንደ ብራና ነው፤ የኖረበት ዘመን ሁሉ ይጻፍበታል። ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ቢሳሳት በስለት ፍቆ ያርማል፤ ከመጠን አልፎ የፋቀ እንደ ሆነ ግን ብራናው ይበሳል። ፎቶግራፍ የሚያርም ሰውም ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይህ ሥራ ዛሬ የተጀመረ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን የሙኒኩ ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሲዮን ላይ የአንዱን ሰው መልክ ሳይታረምና ታርሞ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲያም አራሚዎች በኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስና በትንሽ ስለት እየደከሙ ይሠሩ ነበር። በዚያው አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ፎቶሾፕ ከወጣ፥ ይልቁንም በ2002 ዓ.ም. ሂሊንግ ብረሽ የተባለው መሣሪያ ከተጨመረበት ወዲህ ድካሙ እጅግ ቀለለ። መሣሪያው ከሌላው ጤናማ ቆዳ ወስዶ ከቦታው ቀለምና ብርሃን ጋራ እያስማማ ብጉሩን ይሸፍነዋል።

ድካሙ ሲቀንስ ግን ጥንቃቄው ሊጨምር ይገባ ነበር፤ መሣሪያው ብጉርን ከንቅሳት አይለይምና። የሟች እናቱን ፎቶግራፍ ለሙት ዓመት አስተልቆ ከግድግዳ ሊሰቅል ወደ ፎቶ ቤት የሚሄድ ልጅ አለ። አራሚው ሳይጠይቅ ግንባሯን ቢያለሰልሰው፥ በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል እንደ እድፍ ተቈጥሮ ይጠፋል፤ ጠይም ፊቷንም ቢያነጣው የሌላ ሰው እናት ትሆናለች። ልጁ እናቱን ይዞ ሄዶ የማያውቃትን ቆንጆ ሴት ይዞ ይመለሳል። የሞተ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ፎቶግራፍ አይነሣም።

ስለዚህ ልባም አራሚዎች አላፊውን ያርማሉ፥ ነዋሪውን ይተዋሉ። ብጉር ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ከዓይኑ ሥር የሚታየው ጥቁረት በጥቂት ቀን የሚለቅ ነውና ቢጠፋ ሐሰት አይሆንም። ጠባሳ፥ ንቅሳት፥ የሣቅና የእርጅና መሥመር ግን የሰውዬው ገንዘብ ናቸውና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነኩም። የላብ ቀዳዳውንም ሁሉ የደፈኑበት ፊት ሰም ይመስላል።

ነገሩ እስከ ሕግ ደርሷል። ኖርዌይ ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በንግድ ማስታወቂያ ላይ ቅርጹ፥ መጠኑ ወይም ቆዳው የታረመ ሰው ሲታይ መታረሙ እንዲጻፍበት በሕግ ታስገድዳለች።

እንግዲህ አራሚ ሁሉ ከመፋቁ በፊት «ይህ ምልክት አላፊ ነውን ወይስ የሰውዬው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሰው ለፎቶግራፍ የሚቀመጠው ልጆቹ በኋላ እንዲያውቁት ነውና፥ አይተው ካላወቁት ማማሩ ለማን ይጠቅማል?