ሃያ አምስት እና ሃምሳ ሁለት



ከእናንተ መካከል ልጅ ያላችሁ ይህን ምሽት ታውቁታላችሁ። ሥራ ውላችሁ ስትገቡ ልጁ ደብተሩን ይዞ ይጠብቃችኋል። የሒሳቡ ጥያቄ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው በአረብኛ ነው፤ እናንተ ግን መደመርን የተማራችሁት በአማርኛ ወይም በሌላው የሀገር ቤት ቋንቋችሁ ነው። «ቁጥር ያው ቁጥር ነው» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን እናንተም ልጁም ትደክማላችሁ። ስለዚህ ድካም ልጽፍላችሁ ወደድኩ፤ እኔም በዚሁ ጉዳይ አንድ ስሕተት ሠርቼ፣ ከስሕተቴም ጥቂት ተምሬአለሁና።

በሀገር ቤት ሳለሁ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ለ11 ዓመታት አስተምሬአለሁ። በአንድ ክፍል ከ60 የማያንሱ ሕፃናት ይቀመጡ ነበር። ቤይሩት ከመጣሁ ወዲህ የምኖረው በሰው ቤት ሠርቼ ነው፤ እሑድ ግን የእኔ ቀን ናት። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የስደተኛ ልጆችን ማስጠናት ሲጀመር፣ ቀድሞ መምህርት እንደነበርኩ የሚያውቁ ሰዎች ጠሩኝ። የተሰጠኝ ሥራ ማስተማር አልነበረም፤ የሚያስተምሩትን ሦስት ወጣት እህቶች መደገፍ ነበር። አንዳቸውም የመምህርነት ሥልጠና አልወሰዱም፤ ከሳምንቱ የሚያገኟትን አንዲት የዕረፍት ቀን ግን ለልጆቹ ይሰጣሉ።

አንድ ጊዜ ስድስት ያገለገሉ ታብሌቶች በስጦታ መጡልን። ደስታችን ታላቅ ነበር። በውስጣቸው የሒሳብ ጨዋታ ነበረ፤ ልጁ ትክክለኛውን መልስ ሲነካ ኮከብ ብልጭ ይላል፣ ዜማም ይሰማል። 18 ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንድ አንድ ታብሌት ከበው ሲያጎነብሱ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ችግራችንም የተፈታ መሰለን። ከሁሉ ይልቅ ኮከብ የምትሰበስበው አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በልጆቹ ሁሉ ፊት አመሰገንኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቷ ወደ እኔ መጣች። ልጅቱን ወደ ሱቅ ልካት ነበር። ሊባኖስ የምትኖሩ እንደምታውቁት፣ አንድ ዶላር ለብዙ ዓመታት 1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጀመረው ቀውስ በኋላ ግን ወደ 90,000 ሊራ ገደማ ደርሷል። ስለዚህ ለትንሽ ዕቃ የተላከ ሕፃን እንኳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ገንዘብ ይዞ ይወጣል፣ መልስም ይቀበላል። እናቷ «ስንት መለሰልሽ?» ብትላት፣ ልጅቱ በእጇ የያዘችውን ልትናገር አልቻለችም። «ታዲያ ያ ሁሉ ኮከብ የምንድን ነው?» አለችኝ።

በዚያው ዕለት ልጅቱን ከጎኔ አስቀምጬ ወረቀት ሰጠኋትና በአረብኛ «ኸምሰ ወ ዒሽሪን ጻፊ» አልኳት። ሳታመነታ 52 ብላ ጻፈች። ቆይቼ ሳስበው ስሕተቷ ስንፍና አለመሆኑ ገባኝ። አማርኛ «ሃያ አምስት» ሲል ከትልቁ ይጀምራል። አረብኛ ግን «አምስትና ሃያ» ይላል፤ ትንሹን ያስቀድማል። ልጅቱ በሰማችው ተራ አምስትን ቀድማ፣ ሁለትን ተከትላ ጻፈች። እንደ አረብኛው ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ብትጽፈው ኖሮ 25 ይሆንላት ነበር፤ እርሷ ግን ሒሳብ የምትማረው ከግራ ወደ ቀኝ በሚጻፍ ቋንቋ ነው። በፈረንሳይኛ ለሚማሩትማ ሌላ ፈተና አለ፤ ሰባ አምስትን «ስድሳ ዐሥራ አምስት»፣ ዘጠና አምስትንም «አራት ሃያ ዐሥራ አምስት» ብለው መጥራት አለባቸው። ከዚያ ወደ ታብሌቱ ተመለስኩ፤ ስትጫወት ከኋላዋ ሆኜ አየሁ። አራት መልሶች ይቀርባሉ፤ ስሕተት መንካት ምንም አያስቀጣም። ኮከቡ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም በየተራ ትነካ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በዚያች ሰዓት ከወጣቶቹ አስተማሪዎች አንዷ በሰሌዳው ፊት ቆማ መበደር ያለበትን መቀነስ ለሁሉም ልጆች በአንድነት ታስረዳ ነበር፤ እርሷም ተምታታባት። እኔ በልጅቱ ነገር ተናድጄ ስለነበር ተነሣሁና ማርከሩን ከእጇ ወስጄ «እንዲህ አይደለም» አልኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እኔው አስተማርኩ፤ በጎ የሠራሁም መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። በተከታዩም እሑድ ቀረች።

በሦስተኛው ሳምንት ቡርጅ ሐሙድ ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ብዙ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ ትክክል እንዳላስተማርኩ እኔም አውቃለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ስሕተቴን የሚነግረኝ አላጣሁም። ምነው እሑድ እንኳ፣ ያውም በልጆቹ ፊት ባይሆን? ቢያሳዩኝ እኮ እማር ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርሷም ይቅር አለችኝና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሥራችንን ለወጥን።

በመጀመሪያ ልጆቹን በዕድሜና በክፍል መመደብ ተውን። በሕንድ ሀገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ያስፋፋው አሠራር ልጆችን የሚቧድነው አሁን በሚችሉት ልክ ነው፤ እኛም በአቅማችን ይህንኑ ሞከርን። በሀገር ቤት «አንድ ለአምስት» የተባለውን አደረጃጀት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እኔ ባስተማርኩበት ክፍል ጎበዙ ተማሪ ሁልጊዜ መሪ ነበር፣ ደካማውም ሁልጊዜ ተመሪ። አሁን ግን ቡድኑ በየሦስት ሳምንቱ ይለወጣል፤ በመደመር ወደ ኋላ የቀረው በቅርጾች ቀድሞ ሊገኝ ይችላልና።

አስተማሪዋ ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ለ15 ደቂቃ ትቀመጣለች። በፊታቸው ዐሥር ዐሥር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ ቀጫጭን እንጨቶችና ያልታሰሩ ነጠላዎች አሉ። 42 ማለት አራት እስርና ሁለት ነጠላ ነው። ከዚህ ላይ 17 እንቀንስ ሲባል ሰባት ነጠላ ይፈለጋል፤ ያለው ግን ሁለት ነው። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ አንዱን እስር ይፈታል፤ ሦስት እስርና 12 ነጠላ ይሆናል። ሰባት ነጠላና አንድ እስር ሲነሣ ሁለት እስርና አምስት ነጠላ ይቀራል። እኛ በልጅነታችን «ከጎረቤት ተበደር» ተብለን በቃል የያዝነውን ነገር እነርሱ በእጃቸው ፈትተው ያዩታል። የዐሥር ቤትና የአንድ ቤት ለምን እንደ ተለየ የሚገባቸውም በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥለው በሥዕል ይሥሉታል፤ በመጨረሻ በአኃዝ ይጽፉታል።

ታብሌቶቹን አልጣልናቸውም፤ ቦታቸውን ግን አወቅን። ኮሊብሪ የተባለውን በነፃ የሚገኝ የመማሪያ ሥርዓት በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንን። ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ታብሌቶቹ በአዳራሹ ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛሉ፤ መብራት ቢጠፋም በያዙት ባትሪ ጥቂት ያስጠኑናል። አንዱ ቡድን ከአስተማሪዋ ጋር ሲሠራ ሌሎቹ ያወቁትን በታብሌት ይለማመዳሉ። ከሁሉ የሚጠቅመን ግን ልጁ በየጥያቄው ስንት ጊዜ እንደ ሞከረና የት እንደ ተሳሳተ ለአስተማሪዋ ማሳየቱ ነው። እርሷም ያን አይታ በሚቀጥለው እሑድ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ትወስናለች።

የእኔስ ድርሻ? በልጆች ወንበር ላይ ከኋላ ተቀምጬ ዝም ማለት። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሻይ ይዘን እንቀመጣለን፤ አስቀድሜ «ዛሬ ምን አየሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፣ አንድ ብቻ። አንዳንድ እሑድ ደግሞ እኔ አስተምራለሁ፣ እርሷ ተመልክታ ያየችውን ትነግረኛለች። በቅርቡ «እትዬ፣ ልጁ ሳይጨርስ መልሱን ነገሩት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ማርከር የመንጠቅ ልማዴ ገና ፈጽሞ አልለቀቀኝም ማለት ነው።

ልጅቱ ዛሬም አንዳንዴ ትሳሳታለች። ነገር ግን ከመጻፏ በፊት ቆም ብላ በለሆሳስ «ሁለት እስር፣ አምስት ነጠላ» ስትል እሰማታለሁ። እናቷም ወደ ሱቅ መላኳን አልተወችም፤ ስትመለስ መልሱን ጠረጴዛ ላይ አብረው ይቆጥራሉ።

ውድ አንባብያን፤ ፈረንሳይኛ ባታውቁም፣ ትምህርታችሁ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም፣ ለልጃችሁ የምትሰጡት አላችሁ። የቤት ሥራው ሲከብድ ቆርኪ ወይም ባቄላ በፊቱ አፍስሱ፤ ዐሥር ዐሥሩን ይለይ፤ በአማርኛም በአረብኛም ይቁጠርላችሁ፤ የትኛው ቋንቋ ከትልቁ፣ የትኛው ከትንሹ እንደሚጀምር እርሱ ይንገራችሁ። በሀገር ቤት መምህራን የነበራችሁ ደግሞ፣ ጠመኔ ከያዛችሁ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ እሑድ ወደ ልጆቹ ኑ። ስትመጡ ግን በሰሌዳው ፊት ለመቆም አትቸኩሉ። ከኋላ ትንሽ ወንበር አለች፤ እርሷን ፈልጉ።