ማርጋሪኑና ክኒኑ

እህቴ ከስዊድን ስትመጣ ከሻንጣዋ ከወጣው ነገር ሁሉ ባለቤቴን ያስደሰተው አራት ጣሳ ማርጋሪን ነበር። "ስታኖል የሚባል ነገር አለበት፤ ከእፅዋት የተሠራ ነው፣ ኮሌስትሮል ይቀንሳል" አለችው። እሱም ጣሳውን እያገላበጠ "ይኸው! እንዲህ ያለ ነገር እያለ ክኒን ለምን ያደክመኛል?" አለ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ጀሞ አጠገባችን ባለ ክሊኒክ ለሌላ ጉዳይ ሲመረመር ወገቡ 108 ሴንቲ ሜትር፣ ግፊቱ 140/90፣ ሳይበላ የተለካው ስኳሩ 112፣ ትራይግሊሰራይዱ 240፣ መጥፎው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ደግሞ 168 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ "ሜታቦሊክ ሲንድረም ይባላል" አሉን። አንድ በሽታ ሳይሆን የአምስት ነገሮች ስብስብ ነው፦ የወገብ መስፋት፣ የግፊት፣ የስኳርና የትራይግሊሰራይድ ከፍ ማለት፣ የጥሩው ኮሌስትሮል ዝቅ ማለት። ሦስቱ ከተገኙ ይበቃል፤ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። ባለቤቴ 46 ዓመቱ ነው። አባቱ በ52 ዓመታቸው በድንገተኛ የልብ ሕመም ነው ያረፉት። አቶርቫስታቲን ታዘዘለት፤ ታኅሣሥ ላይ ኤልዲኤሉ ወደ 96 ወረደ።

ማርጋሪኑ በመጣ በሳምንቱ ዐቢይ ጾም ገባ። በሆሳዕና ሳምንት ለክትትል ስንሄድ ውጤቱ 149 ሆነ። እኔ ላብራቶሪውን ጠረጠርኩ፤ እሱ ግን አቀርቅሮ ዝም አለ። ቆይቶ "ክኒኑን ካቆምኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው" አለ። "ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጠዋት ጠዋት ማርጋሪኑን እበላለሁ። ኮሌስትሮል ከየት ይመጣል ብዬ ነው።"

ሐኪሙ አልተቆጡም። ወረቀት ስበው ጉበትና አንጀት ሳሉልን። "አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነትዎ ራሱ ነው፤ ጉበት አይጾምም" አሉት። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል መሥራቱን እንዲቀንስና ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን እንዲስብ ያደርጋል። ስታኖል የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው፤ ከምግብና ከሐሞት የመጣው ኮሌስትሮል ወደ ደም እንዳያልፍ ይሻማዋል። በቀን 2 ግራም ያህል ከምግብ ጋር ሲወሰድ ኤልዲኤልን ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። "በክኒኑ ላይ ሲጨመር ጥሩ ነው፤ የስታቲን መጠን በእጥፍ ቢጨመር እንኳ የሚገኘው ተጨማሪ ቅናሽ 6 በመቶ ገደማ ነው። ክኒኑን ግን አይተካም። ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚከላከል በብዙ ጥናት የተረጋገጠው ስታቲን ነው።" ስኳሩና ግፊቱም በማርጋሪን እንደማይወርዱ ነገሩት።

ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ተጣላን ማለት ይቻላል። "ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት። "መድኃኒት ዕድሜ ልክ መዋጥ የሽማግሌ ነገር መሰለኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ቁጣዬ በረደ።

አሁን ክኒኑን ከራት በኋላ ውኃ ይዛ የምትሰጠው ልጃችን ናት። እኔ የሚረጋውን ዘይት ትቼ በፈሳሹ፣ ያውም በልክ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከኃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ ጎመንና ካሮት እናመጣለን፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ አጃና ተልባ ከቤታችን አይጠፉም። እነዚህ 2 ግራም ስታኖል አይሰጡም፤ አሰራቸው ግን ኤልዲኤልን ይቀንሳል። ለስኳሩና ለወገቡ ለስላሳ መጠጥ ቀርቷል፤ ማታ ማታም ወደ ለቡ አቅጣጫ በእግራችን እንሄዳለን።

እንደኛ ለምትሆኑ፦ ክኒኑ ጡንቻ ካሳመማችሁ ለሐኪም ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ሁለቱንም አብሮ እየወሰደ ሰኔ ላይ 88 ደረሰ። ማርጋሪኑ ብዙም ሳይቆይ አለቀ፤ በሰፈራችን ሱፐርማርኬቶች ፈልጌ አላገኘሁትም። ባዶው ጣሳ ግን አልተጣለም፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የክኒኑ ማስቀመጫ ሆኗል።