ማስቲሹ እስኪደርቅ

ዱከም ለመግባት ጥቂት ሲቀረኝ የኋላው ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። መኪናዋ ከአባታችን የቀረች አሮጌ ቮልስዋገን ናት። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሦስት ዓመት ያኳረፈችንም እርሷው ናት። እርሱ «ተሸጣ እንካፈል» አለ፤ እኔ «አባባ የጨበጡትን መሪ ለባዕድ አልሰጥም» አልኩ። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች አስታርቀውን ነበር። ስለ መኪናዋ አንድ ቃል ሳንተነፍስ ተሳስመን ተለያየን፤ ወር ሳይሞላ ተመልሰን ተቀያየምን። ያን ቅዳሜ ወደ ደብረ ዘይት የምጓዘው ዳግመኛ እርቅ ልለምን ነበር፤ የመኪናዋን ነገር ግን ላላነሣ ወስኜ።

ስኮርታውም ነፋስ አልነበረውም። ጎማውን ፈትቼ እያንከባለልኩ፣ አሮጌ ጎማ ለምልክት ከደጁ ካቆመ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ... ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ቢወጣም ቃላቱ ከዚህ ቤት አልወጡም።

ወጣቱ ከመነዳሪውን አውጥቶ ነፋው፤ ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥም እያዞረ ነከረው። ከአንዲት ነጥብ ቀጭን አረፋ ተግተለተለ። ምልክት አደረገባትና ዙሪያዋን በሞረድ ይፍቅ ጀመር።

«የኔ ወንድም፣ ቸኩያለሁ፤ ዝም ብለህ ለጥፍልኝ» አልኩት።

«ሳይፋቅ የተለጠፈ ይላቀቃል፣ ጋሼ።»

ማስቲሹን ከቀባም በኋላ አልለጠፈውም፤ ጥቂት እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረበት። እስከዚያው እጁን ወደ ጎማው አስገብቶ ውስጡን ይዳስስ ገባ።

«አሁን ደግሞ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሚስማሩን ነዋ! እርሱ ካልወጣ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ።»

ዝገት የበላው አጭር ሚስማር ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

ወንድሜ ቤት ስደርስ መሽቶ ነበር። ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋን ለመሸጥ ለምን ፈለግህ?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም አባባን ለማሳከም የተበደረውን ገንዘብ እስከዚያች ዕለት ድረስ እየከፈለ እንደነበር ነገረኝ። በየቀኑ የሰው ብድር ስመዘግብ የምውል የባንክ ሠራተኛ፣ የገዛ ወንድሜን ዕዳ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያን ምሽት አልተሳሳምንም። ሲሸኘኝ ግን የኋላውን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና፣ «ይዟል። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ና» አለኝ።