ጀልባዋ ትተርፋለች፤ ሰውየውስ?

ደብረ ታቦር ሲነሳ ጉናና ጋፋት ይታወሳሉ እንጂ ውሃ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የደቡብ ጎንደር ዞን ምዕራባዊ ጫፍ ጣና ነው። ከጉና አካባቢ የሚነሱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው የሚገቡት እዚያው ነው። ሊቦ ከምከም፣ ፎገራና ደራ የሐይቁ ጎረቤቶች ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች ዳርቻ ለሚኖር ዓሣ አጥማጅ «ይህች ጀልባ ንፋስ ትችላለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ጣና የዋህ ይመስላል። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲያገኘው የሚያነሳው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ሳይሻገሩ ሌላው ይደርሳል። ማለዳ እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ሌላ ሐይቅ ሊሆን ይችላል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው በከንቱ አይደለም።

የጣና ሰው ለዚህ የሰጠው ጥንታዊ መልስ የደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ ቀዳዳ በዝቶባት አትሰጥምም፤ የሚያንሳፍፋት በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነውና። ድክመቷ ሌላ ነው። ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ በየጊዜው ዳር ወጥታ መድረቅ አለባት፣ ዕድሜዋም አጭር ነው። ጎኗ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞገድ ሲመታት ቀዛፊው ይወድቃል። ታንኳዋ ተንሳፋ ትቀራለች።

ይህ የድሃ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ወደ ባሕር እንሻገር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ከእንግሊዝ ተነስቶ የአየርላንድን ፋስትኔት ቋጥኝ ዞሮ በሚመለሰው ውድድር 303 የሸራ ጀልባዎች ተሰልፈው ነበር። ድንገተኛ ማዕበል መታቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎች በሰዎቻቸው ተትተው ቀሩ፤ የሰጠሙት ግን 5 ብቻ ነበሩ። ጀልባቸውን ጥለው ነፍስ አድን ጎማ ላይ ከወጡት መካከል የሞቱ አሉ፤ የተተዉት አብዛኞቹ ጀልባዎች ግን በኋላ ሲንሳፈፉ ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በፋብሪካ ተመርቶ የሚሸጥ የመዝናኛ ጀልባ ምን ያህል ንፋስና ሞገድ እንዲችል እንደተሠራ የሚገልጽ ደረጃ አለው። «ኤ» ለውቅያኖስ ነው፤ «ዲ» ደግሞ ለተከለለ ውሃ። የሚጭነው የሰው ቁጥርም ጀልባው ላይ ይለጠፋል። ይሁንና ደረጃው የሚናገረው ስለ ጀልባው ነው። ሰማይ ጠቁሮ ሳለ «እንሂድ» የሚለውን ሰው አይቆጣጠርም።

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ ከጅቡቲ በየብስ ተጓጉዛ ባሕር ዳር ስትገባ አገር ምድሩ በደስታ ተከታትሏታል። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሐይቁ ደኅንነት የሚለካው በትልቋ መርከብ አይደለም። የሚለካው ከምሥራቁ ዳርቻ በምትነሳው ትንሽ ጀልባና ታንኳ ነው።

ለእነዚህ የሚያስፈልገው ነገር ከመርከብ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚንሳፈፍ ጃኬት፣ በጎኗ ላይ በቀለም የተጻፈ የሰው ልክ፣ የዕለቱን ንፋስ ለአጥማጁ ስልክ የሚያደርስ አጭር መልእክት፣ ንፋስ በበረታ ቀን ዳር ላይ የሚሰቀል ቀይ ጨርቅ። «ከተገለበጠች አትልቀቃት፣ ያዛት» የሚል ትምህርት ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ሽማግሌ ቀዛፊ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ሲመለስ ፈሪ የሚለው የለም። ሞተር የገጠመው ወጣት ግን ጉልበቱ ከንፋሱ የሚበልጥ ይመስለዋል፤ ተሳፋሪውም ገበያ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ያን ጊዜ «አይሆንም» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው ዳር ላይ ሊቆም ይገባል። ደብረ ታቦር ያሉ የዞኑ ኃላፊዎች ስለ መንገድና ስለ ሩዝ ሲመክሩ አንድ አጀንዳ ለውሃው ቢጨምሩ ምን ይከብዳል?