ተከሳሽና ወንጀለኛ ስለሚባሉት ስሞች

የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሥራው ቃል መጻፍ ነው። ከሳሽ በቃል ይከሳል፤ ምስክር በቃል ይመሰክራል፤ ዳኛም በቃል ይፈርዳል። ጸሐፊ ግን የሁሉን ቃል ለቅሞ በመዝገብ ያኖራልና፤ እርሱ የሳተው አንድ ቃል ከተናጋሪዎቹ ቃል ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በገዛ እጄ የተፈጸመውን ስሕተት ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ለመንገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በስርቆት ለተከሰሰ ለአንድ ሰው መጥሪያ ስጽፍ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበርና «ተከሳሹ» ማለት ሲገባኝ «ወንጀለኛው እገሌ በቀጠሮው ቀን ይቅረብ» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ከቤቱ በደረሰ ጊዜ ሰውዬው አልነበረም፤ ሚስቱም ማንበብ ስለማታውቅ፤ ከትምህርት ቤት የተመለሰው የዐሥር ዓመት ልጃቸው ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። ኋላም ነገሩ ተመርምሮ ማስረጃ ስላልተገኘበት ሰውዬው በነጻ ተሰናበተ። በማግሥቱ ያን መጥሪያ ይዞ ወደ መዝገብ ቤት መጣና፤ «ጌታዬ፤ ዳኛው ፈቱኝ፤ ልጄ ግን እስካሁን አልፈታኝም» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ።

በዚያች ሌሊት፤ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ለመድሁት፤ አንድ ደብተር አውጥቼ ገጹን በመስመር ከፈልሁና ዘወትር የምጽፋቸውን ቃላት በግራ፤ ትርጓሜያቸውን በቀኝ አሰለፍሁ። ያን ጊዜ የቅኔ መምህሬ ስለ ግስ አዕማድ ያስተማሩኝ ትዝ አለኝ። ከሰሰ አድራጊ ነው፤ አስከሰሰ አስደራጊ፤ ተከሰሰ ተደራጊ፤ ተካሰሰ ተደራራጊ፤ አካሰሰ አደራራጊ ነው። እንግዲህ ተከሳሽ ማለት ክስ የተደረገበት ማለት እንጂ ክፉ ያደረገ ማለት አይደለም፤ ስሙ የሚናገረው የከሳሹን ሥራ ነው። ወንጀለኛ ግን፤ ፈረሰኛ ፈረስ እንዳለው፤ ወንጀሉ የራሱ ገንዘብ መሆኑን ይመሰክርበታል። ከአንዱ ስም ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። ሰው አስቀድሞ ቢጠረጠር ተጠርጣሪ ይባላል፤ ክስ ሲቀርብበት ተከሳሽ ይባላል፤ ማስረጃው ተሰምቶ ዳኛ ሲወስንበት ብቻ ጥፋተኛ ይባላል፤ ቅጣቱም ሲነገር ፍርደኛ ይሆናል። እኔ ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ የብዕር ጭረት ዘለልሁት።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት እያደር አጥርቶታል። በ1923 ዓ.ም. እና በ1949 ዓ.ም. የወጡት ሕጎች ስማቸው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበረ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ግን «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ስሙ ከሰውዬው ላይ ወርዶ በድርጊቱ ላይ ዐረፈ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች፤ በአንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፤ በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለ ታሰሩ ሰዎች ለየብቻ ይናገራል፤ የተከሰሰም ሰው ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቈጠር ያዝዛል።

ከደብተሬ ቃላት ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን «ፍትሕ» የሚለው ነው። በግዕዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታ ማለት ነው፤ ደግሞም ፈረደ ማለት ነው። አባቶቻችን ለብዙ ዘመን ይዳኙበት የነበረው መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት መባሉ ከዚሁ ነው፤ የሕልም ፍቺም፤ የእስረኛ መፈታትም የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። በቀድሞው ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ፤ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው፤ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» ማለታችን ከዚያ የቀረ ነው። ዳኛው ነገሩን ሲጨርስ ቋጠሮው ይፈታል። ስለዚህ ፍትሕ መቅጣት ብቻ አይደለም፤ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ከታሰረበት መፍታትም ነው። ልጁ በአባቱ ላይ የያዘውን ቋጠሮ ግን የቋጠርሁት እኔ ነበርሁ፤ ዳኛው ሊፈታው አልቻለም።

ስለዚህ ስሕተቴን ለዳኛው ተናዘዝሁ፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለው ቅጂም ታረመ። የፍርዱንም ግልባጭ ይዤ ወደ ሰውዬው ቤት ሄድሁና ልጁ በእናቱ ፊት እንዲያነበው ሰጠሁት። «ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት» የሚለውን ካነበበ በኋላ፤ «ያኛውን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው» አልሁት። ልጁም ወረቀቱን አጥፎ ለአባቱ ሰጠው። አባትዬውም አንድ ቃል ሳይናገር እጁን በልጁ ራስ ላይ አኖረ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ በማዕድ ዙሪያ ስለ ጎረቤት ክስ ወሬ ሲነሣ ልጆቻችን ይሰሙናል። ዳኛ ያልፈረደበትን ሰው ሌባ ወይም ወንጀለኛ ብንለው፤ ነገ በትምህርት ቤት የዚያን ሰው ልጅ በዚያው ስም ይጠሩታል። ፍርድ ቤት ስሕተቱን የሚያርምበት መዝገብ አለው፤ በማዕድ የተነገረ ቃል ግን መዝገብ የለውምና፤ ሳይነገር ቢታረም ይሻላል።