ዋጋ የማይጠራበት ልዋጭ

በአዲስ አበባ መንደሮች «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ጥሪ ከማለዳው ይሰማል። ነጋዴው አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ በምትኩ ስኒ፣ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል። አሮጌው ልብስ ገበያ ላይ ምን እንደሚያወጣ ከባለቤቲቱ ይልቅ እርሱ ስለሚያውቅ፣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ እርሱ ያደላል።

ይህን በደጃፏ ለዓመታት ስትመለከት የኖረች አንዲት መምህርት፣ አንድ እሑድ ወዳጆቿን ቡና ጠርታ በየቤታቸው ያለ ሥራ የተቀመጠውን ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አሳሰበቻቸው። ደንቡ ሁለት ብቻ ነበር፤ ዕቃው ታጥቦ ይምጣ፤ ዋጋ አይጠራ። በምንጣፉ ላይ የሕፃናት ሹራብ፣ ኮት፣ የከሰል ምድጃ፣ የተነበቡ መጻሕፍት ተደረደሩ።

ከተጋባዦቹ አንዷ ግን ባዶ እጇን መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ ለልጇ ልክ በሚሆን ጫማ ላይ ቢያርፍም እጇ አልተዘረጋም። የሚሰጠው ያጣ ሰው መቀበልን ያፍራልና። መምህርቷ ይህን አስተውላ፣ ቁልፉ የረገፈውን ኮት አንሥታ «ይህንንስ ማን ይጠግንልናል?» ስትል ጠየቀች። ሴትየዋ መርፌና ክር ተቀብላ፣ በረካው ሳይቀዳ ኮቱን ሰው ፊት የሚቀርብ አደረገችው። ከዚያም ማንም ሳይለምናት ጫማውን አነሣች።

በወንፈል የሚያርስ ገበሬ ዛሬ የሰጠውን ጉልበት ነገ በጉልበት ይቀበላል እንጂ ምጽዋት አይለውም። የከተማውም ልውውጥ ከዚህ ሊማር ይገባዋል፤ ሙያ ያላት እጅ ባዶ አይደለችም።