ሚኒሞ ያልያዘችው መኪና

በዚህች በእጅ እየተገለበጠች በምትነበብ መጽሔታችን ስለ ስደትና ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። ይህ ከእኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየምም፤ ጥቂት ይታገሠን።

ካርቱም ውስጥ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር፣ አራት መምህራን አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከመካከላችን አንዱ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ያረጀች የጃፓን መኪና ገዛ። ቀን ቀን ተሳፋሪ ያመላልስባታል፤ ማታ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን ሕመሟን እንሰማለን። ሕመሟ አንድ ነበር፤ ሚኒሞ አትይዝም። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ጸጥ ይላል። መብራት ላይ ትጠፋለች፤ ተሳፋሪ ለማውረድ ስትቆም ትጠፋለች። አንድ ጋራዥ የጠየቀን ዋጋ የግቢያችንን የወር ኪራይ የሚያህል ሆነብን። ስለዚህ ራሳችን እናክማት አልን።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራነው ያን ጊዜ ነው። ቤንዚን አንሷት ይሆናል ብለን፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ ከሚያርፍበት ዘንድ ያለችውን ትንሽ የማቆሚያ ብሎን በካቻቢቴ አጠበቅናት። መኪናዋ መጥፋቷን ተወች፤ ግን ቆማ ትጮህ ጀመር። ጩኸቱን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ የኦምዱርማን ሰው፣ በሩን ገፍተው ገቡ። ጥቂት አዳመጡና፣ «ያ ኡስታዝ፣ ቤንዚን መች አነሳት? ትንፋሽ ነው ያጣችው» አሉን።

አፈርን። ያለ አየር እሳት እንደማይነድ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተምረናል፤ ለተማሪዎቻችንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈናል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሞተር ውስጥ በደንብ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ሰሌዳው ላይ የምናውቀውን መኪናዋ ውስጥ ስናገኘው አላወቅነውም።

ሽማግሌው እንዳዘዙን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ አላልተን ስናወጣው፣ ክብ ቀዳዳና በውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ቀጭን የብረት ክዳን አየን። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ክዳኗ ተዘንብላ አየር ታስገባለች፤ እግሩን ሲያነሣ ትከደናለች። ያን ጊዜ በዳሯ የሚቀረው ክፍተት የፀጉር ያህል ነው። መኪና ቆማ የምትተነፍሰው በዚያ ክፍተትና በጎኑ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሁለቱም በጥቀርሻ ተደፍነው አገኘናቸው። ጥቀርሻው ከሞተሩ ሆድ በቱቦ ከሚመለሰው የዘይት እንፋሎት የሚመጣ ነው፤ የካርቱም ሀቡብ አቧራ ሲጨመርበት ጭቃ ይሆናል። አቧራው በተዘጋ መስኮት ገብቶ እንጀራ ላይ እንደሚያርፍ ያየ ሰው፣ ያረጀ ፊልትሮ እንደማያግደው ይገባዋል።

አንዳችን በቢላዋ ሊፍቅ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙና «ብራሓ! ብራሓ!» አሉት፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ክዳኗ ወይም ግድግዳው ከተጫረ፣ አየር በማይፈለግበት ይገባል። የካርቡራተር ማጽጃ ጨርቅ ላይ ነፋን፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዳር ዳሩን አሸን፤ አንዱ ገመዱን ስቦ ክዳኗን ሲከፍት ሌላው ከጀርባዋ ጠረገ። ሲጋራ የሚያጨሰውን ከግቢ አስወጣነው። ክዳኗ በኤሌክትሪክ የምትከፈት አዲስ መኪና ብትሆን ኖሮ በጣት መግፋት እንደማይገባም ነገሩን። በመጨረሻ ብሎኗን ስንት ዙር እንዳጠበቅናት ጠይቀው ያንኑ ያህል መለሷት። ሞተሩ ሲነሣ አስነጠሰ፣ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ ቆየ።

ይህ የሆነው በ2015 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን፣ በቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካን ዶሮ ስናስብ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰባት ሰዎች በዚያች መኪና ተጭነን ወደ ወድ መደኒ ወጣን። በየኬላው መሣሪያ የያዘ ሰው «ቁም» ይላል። ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ። በዚያ ሰዓት ሞተሩ ቢጠፋ፣ ወደ ቁልፉ ዝቅ የሚል እጅ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሞተሩን ይዞ የሚያቆየው ያ የፀጉር ያህል ክፍተት ብቻ ነበር። ሁላችንም የምናዳምጠው ሰውየውን ሳይሆን እሱን ነበር። አንድም ቦታ አልጠፋችም።

ገዳሪፍ ስንደርስ መኪናዋን ሸጠን ተካፈልን። መመለስ የሚችለው ወደ መተማ አለፈ፤ የማንችለው ከዚህ ቀረን። ሽማግሌው በካርቱም ቀሩ፤ ስንሰናበት ስለ መኪናዋ ማመስገንን ረስተናል።

በዚህ ካምፕ አንጥረኛ፣ ግንበኛ፣ ሸማኔ፣ ሞተር አዋቂ አለ። መጻፍ የሚያስቸግረው ቢኖር ይንገረን፤ እኛ እንጽፍለታለን።